ፈገግታ የሚመዝን ስልክ፣ «ሲስተም የለም»ን የማይመዝን

የአገልግሎት ጥራት እንለካለን የሚሉ አማካሪዎች የሚወዱት አንድ ክርክር አላቸው፦ «ስልክ አይዋሽም»። ደንበኛ መስሎ ወደ ባንክ፣ ወደ ሆቴል ወይም ወደ ነዳጅ ማደያ የሚገባው ሰው ያየውን እዚያው በስልኩ ላይ ይሞላል። ስልኩ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ሰውየው የቆመበትን ቦታ በጂፒኤስ ይይዛል፣ ፎቶ ያያይዛል። ሪፖርቱ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ ቅርንጫፍ ተነስቶ፣ የባጃጁ ሒሳብ ገና ሳይከፈል፣ አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ይደርሳል። አለቃው በስክሪኑ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነጥቦች ያያል። ቀይ የሆነው ቅርንጫፍ ይጠራል፤ የሚወቀሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት።

ሥራው በፈረንጆቹ አጠራር «ሚስተሪ ሾፒንግ» ይባላል፤ በእኛ ሚስጥራዊ ደንበኛ ቢባል ያስኬዳል። ነገሩ ባዕድ አይደለም። ገዢ መስሎ ገብቶ «ደረሰኝ ይቆረጣል ወይስ አይቆረጥም?» የሚለውን የሚያጣራ የገቢዎች ሠራተኛ መኖሩን የማያውቅ ነጋዴ የለም። በጎንደር ከተማ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሽተኛ ወይም የበሽተኛ ወላጅ የሚመስሉ ሰዎችን ወደ መድኃኒት ቤቶች ልከው አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንደሚሸጥ አረጋግጠዋል። ዘዴው በትክክለኛው ቦታ ሲውል እውነት ያወጣል። ጥያቄው ስልኩ ወደ ማን ዞሯል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ለስልኩ የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው። የወረቀቱ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር በጥናት ሥራ የተሰማራ ሁሉ ያውቀዋል። መረጃ ሰብሳቢው ሞጆና መቂ ደርሶ ሃያ ቅጽ እንዲያስሞላ ይላካል፤ አምስቱን በትክክል ይሞላና ቀሪውን ማታ አልጋ ላይ ተጋድሞ በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ይፈበርከዋል። ስልክና ታብሌት ሲመጣ ይህ ከበደ። ኦዲኬና ኮቦ ቱልቦክስን የመሳሰሉ ነጻ መተግበሪያዎች ኔትወርክ ባይኖርም ቅጹን ይዘው ይቆያሉ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ስንት ሰከንድ እንደጠፋ ሳይቀር መመዝገብ ይቻላል። አርባ ጥያቄ በሁለት ደቂቃ የጨረሰ ሰው ይያዛል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ማንም ወደ ወረቀት እንመለስ የሚል የለም።

ነገር ግን መሣሪያና ዕውቀት አንድ አይደሉም። አገሪቱ ይህን በውድ ዋጋ ተምራዋለች። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ታብሌቶች ተገዙ፤ ቆጠራው ግን ተራዘመ፣ በ2011 እንደገና ተራዘመ፣ እስካሁንም በ1999 ቆጠራ ላይ እየደመርን ነው የምንኖረው። ታብሌቱ ስላለ ሕዝቡ አልተቆጠረም። ስልኩ ስላለም አገልግሎቱ አልተለካም።

የተለመደውን የሚስጥራዊ ደንበኛ ቅጽ እንመልከተው። በር ላይ ሰላምታ ተሰጥቶዎታል? ሠራተኛዋ ፈገግ ብላለች? የስም ባጅ አድርጋለች? ዓይን ለዓይን አይታዎታለች? ሌላ የባንኩን አገልግሎት አስተዋውቃዎታለች? ሲጨርሱ አመስግናዎታለች? ወለሉ ንጹሕ ነበር? እያንዳንዱ ነጥብ አለው። በመሐል «ስንት ደቂቃ ጠበቁ?» የሚል ይገኛል። ለምን ጠበቁ የሚል ግን የለም፤ ቢኖርም ነጥብ የለውም፣ «ተጨማሪ አስተያየት» የምትባለው የመጨረሻዋ ባዶ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው። ያቺን ሳጥን ማን ያነባታል?

አሁን በአዳማ፣ በቢሾፍቱ ወይም በሻሸመኔ ባንክ ደጃፍ የቆመ ማንኛውም ሰው «አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ስለ ፈገግታ የሚያወራ አንድም አይገኝም። መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ «ሲስተም የለም»። ደሞዝ በገባ ሰሞን፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ፣ መስመር ተቋርጦ «ትንሽ ታገሱ» እየተባለ የሚያልፈው ግማሽ ቀን የአገልግሎቱ ዋና ነገር ነው። ኤቲኤሙ «ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም» ብሎ ሲያበራ የሚያበሳጨው ደንበኛ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚያገኘው አንድ ሰው አለ፤ እሱም መስኮት ላይ የተቀመጠው ነው። ስድቡን ይቀበላል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ባልሠራው ጥፋት ይሰቀቃል። ከዚያ ተራ ጠብቆ የደረሰው ሚስጥራዊ ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ «ፈገግታ፦ የለም» ብሎ ይመታል። ዜሮ።

ይህ ተራ የቅጽ ስህተት አይደለም። ቅጹን የሚያስጽፈው አካል ማንን መመዘን እንደሚፈልግ ያሳያል። ሰርቨር የገዛው፣ መስመሩን የተዋዋለው፣ አምስት መስኮት ሠርቶ ለሁለቱ ብቻ ሰው የቀጠረው ክፍል በቅጹ ላይ ስሙ የለም። ቅጹን የሚያጸድቀው እሱ ስለሆነ ነው የሌለው። ራሱን የሚመዝን ሚዛን አዝዞ የሚያሠራ አለቃ እስካሁን አልታየም፤ ቢታይ ኖሮ ሚስጥራዊ ደንበኛው ከባንኩ አዳራሽ በፊት ወደ አይቲ ክፍሉ ይላክ ነበር።

መጋቢት 2016 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ሰዎች፣ በብዛትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ አወጡና አስተላለፉ፤ በባንኩ መግለጫ መሠረት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ። ያላግባብ የወሰደ መመለሱ ግድ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ግን ስምና ፎቶ በአደባባይ የተለጠፈው የማን ነበር? ያልመለሱ ደንበኞች። በዚያች ሌሊት ሲስተሙን ያለ ፍተሻ የለቀቀው ሰው ፎቶ የትም አልታየም። ስህተት ከላይ ተነስቶ ተጠያቂነት ከታች የሚያርፍበት ልማድ ስልክ ከመምጣቱ በፊት ነበረ። ስልኩ ያደረገው ነገር ቢኖር ፍጥነት መጨመር ነው።

በነዳጅ ማደያ ደግሞ ነገሩ ወደ ቀልድ ይጠጋል። ከ2015 ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰል ዲጂታል መንገዶች እንዲሆን ተደርጓል። በአዳማ መውጫ ላይ የባጃጅ ሰልፍ ከማደያው ወጥቶ አስፋልቱን ሲይዝ ማየት ብርቅ አይደለም። ኔትወርክ ሲንቀረፈፍ የክፍያ ማረጋገጫ መልእክት አልደርስ ይላል፤ ቀጂው ማሽኑን ይዞ ይቆማል፣ ሹፌሩ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይቆማል፣ ከኋላ ያለው ክላክስ ይነፋል። ከዚያም ወረድ ብሎ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል። እዚህ መሐል አንድ ሰው ገብቶ «የማደያው ሠራተኛ የደንብ ልብሱ ንጹሕ ነው? መስታወት ልወልውልህ ብሎ ጠይቋል?» የሚል ቅጽ ይሞላል! ቅጹ ሌላ አገር ተዘጋጅቶ፣ ሰልፍ የሌለበት ማደያ ታስቦ፣ ርዕሱ ብቻ ተተርጉሞ የመጣ ነው። በጠርሙስ ስለሚሸጠው ቤንዚን የሚጠይቅ መስመር የለውም። ያቺ ጠርሙስ ደግሞ ከየትኛው ማደያ በስንት ሰዓት እንደወጣች ማወቅ ነበር ለሕዝቡም ለመንግሥትም የሚጠቅመው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስልኩን የያዘው ሰው ነው። ስለ ሠራተኛዋ የሚከራከሩ አንዳንዶች ሚስጥራዊ ደንበኛውን እንደ ሰላይ ይቆጥሩታል። ስህተት ነው። እሱ ከእሷ የባሰ ሁኔታ ላይ ነው ያለው።

ሥራውን የሚይዘው በአብዛኛው ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት ነው፤ በአዳማም በባቱም ሞልቷል። የሚከፈለው በሪፖርት ነው። ስልኩ የራሱ ነው፣ ካርዱ የራሱ ነው፣ ባትሪውም የራሱ ነው። ከፍራንኮ ተነስቶ ደንበላ፣ ከዚያ መብራት ኃይል እየተዘዋወረ ባጃጅ የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ፎቶው ደብዝዟል፣ ጂፒኤሱ ሃምሳ ሜትር ስቷል፣ ቅጹ በአስር ደቂቃ ዘግይቶ ገብቷል ተብሎ ሪፖርቱ ውድቅ ሲሆን መንገዱም ድካሙም ቀለጠ። የሚከራከርበት ሰው የለውም፤ መልእክቱን የላከለት መተግበሪያው ነው። ሥራው ከውጭ አገር ደንበኛ የመጣ ከሆነ ደግሞ ዋጋው በዶላር የተቆረጠ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ዶላር በብር ሲተመን በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የመንገደኛው የብር ክፍያስ አብሮ እጥፍ ሆነ? ልዩነቱ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ማን ኪስ ውስጥ ቀረ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። ይህ ወጣት ግን ውሉን ሲፈርም፣ ብዙ ጊዜ «እስማማለሁ» የምትለውን ቁልፍ ሲነካ ማለት ነው፣ «ራሱን የቻለ ተቋራጭ» ይሆናል። ሠራተኛ አይባልም። መቼ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚያዘው ሌላ ነው፤ ባጃጅ ገልብጣው እግሩ ቢሰበር ግን ራሱን የቻለ ነው!

«በመንገድ ላይ እያሉ ይሙሉት» የምትለው ማስታወቂያም መታየት አለባት። ስልክ ነጠቃ ባለበት ከተማ ውስጥ አስፋልት ዳር ቆሞ፣ አንገት ደፍቶ፣ አርባ ጥያቄ መሙላት ምን ማለት እንደሆነ ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ ቆሞ መሙላትም የባሰ ነው። ሥራው ሚስጥር ነው ተብሎ ሳለ፣ አንድ ሰው ሒሳብ ልክፈት ብሎ ገብቶ፣ ስለ ብድር ወለድ እንደ መጽሐፍ ጠይቆ፣ ጥግ ይዞ ስልኩን ሲነካካ መቂን በምታህል ከተማ ማን ያጣዋል? ጥበቃው ሳይቀር ያውቀዋል። አንዱ ቅርንጫፍ ሲያውቅ በቴሌግራም ለቀጣዩ ይነግረዋል፤ «ዛሬ መጥተዋል፣ ባጅ አድርጉ»። ባቱ ሲደርስ ሁሉም ባጅ አድርጎ፣ ሁሉም ፈገግ ብሎ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ያለው ስክሪን በዚያ ቀን አረንጓዴ ይሆናል። ስልኩ አልዋሸም፤ የተዋሸው ከስልኩ በፊት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ፎቶው ነው።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሰኔ 2012ን አልረሱም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት በሻሸመኔ ሱቅና ሆቴል ነደደ፣ በባቱና በሌሎችም ከተሞች ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የማያውቀው ሰው ከደጃፉ ቆሞ የሱቁን ፊት ፎቶ ሲያነሳ ዝም ብሎ የሚያይ ባለሱቅ ካለ ልቡ ደንዳና ነው። «ማን ላከህ?» ይላል። ጥያቄውም ተገቢ ነው። የፖሊስም ጥያቄ ያው ነው። ሚስጥራዊ ደንበኛው ደግሞ መልስ እንዳይሰጥ ውል ፈርሟል፤ «ማንነትዎን ቢገልጹ ክፍያ አይፈጸምም» ይላል ቅጹ። ስለዚህ አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ የማያውቃት ከተማ ውስጥ፣ ስልኩ በባንክ፣ በማደያና በሆቴል ፎቶ ተሞልቶ፣ ጂፒኤስ በርቶ፣ ማን እንደላከው መናገር ሳይፈቀድለት ጣቢያ ይቆማል። ይህን ሥጋት ለአንድ ፈገግታ ነጥብ ብሎ ሰው ላይ መጫን ምን ይባላል?

ነገሩ የተጋነነ የሚመስለው ካለ ወደ ውጭ ይመልከት። ፕሪማይስ የተባለው መቀመጫው አሜሪካ የሆነ ኩባንያ በብዙ አገሮች ለተራ ሰዎች ጥቂት ሳንቲም እየከፈለ የሱቅ ዋጋ፣ የሕንጻና የመሳሰለውን ፎቶና መረጃ በስልክ ያሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዎል ስትሪት ጆርናል እንደዘገበው ከተሰበሰበው ሥራ ከፊሉ ለአሜሪካ ጦር የሚውል ነበር፤ ፎቶውን የሚያነሱት ሰዎች ግን ለማን እንደሚሠሩ አያውቁም። በ2022 መጀመሪያ ጦርነቱ ሲፈነዳ የዩክሬን ጦር መተግበሪያው ለጠላት ዒላማ መለያ እየዋለ ነው ብሎ ከሰሰ፤ ኩባንያው አስተባበለ። ማስተባበሉ እውነት ይሁንም አይሁን፣ መንገድ ላይ ስልክ ይዞ የተያዘውን ሰው አያድነውም። እዚህ ላይ የሚስጥራዊ ደንበኛ ድርጅቶች «እኛ እንደዚያ አይደለንም» ማለታቸው አይቀርም። ላይሆኑም ይችላሉ። ታዲያ ለልጁ የላከውን ድርጅት ስምና ስልክ የያዘ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት መስጠት ስንት ብር ይፈጃል?

ቋንቋውስ? በአዳማ አንድ ሠራተኛ ደንበኛን በአፋን ኦሮሞ ሰላም ብሎ፣ መልሱን ሰምቶ ወደ አማርኛ ይዞራል፣ ወይም በተቃራኒው። በቀን መቶ ጊዜ ያደርገዋል፤ ማንም አያስተውለውም። ይህ ራሱ ትልቅ ሙያ ነው። ቅጹ ግን «ሰላምታ ተሰጥቶዎታል?» ብቻ ይላል፤ ከአዲስ አበባ የተላከ አፋን ኦሮሞ የማይችል ገምጋሚ «ተሰጥቷል፣ ግን አልገባኝም» የሚለውን የት ይሙላ? ከአርሲ ነገሌ ገጠር ለገበያ የመጣች፣ አማርኛ የማትችል እናት በዚያው መስኮት እንዴት እንደተስተናገደች የሚለካው ማን ነው? ሚስጥራዊ ደንበኛ ሆኖ የሚላከው ሁልጊዜ ስማርት ስልክ ያለው፣ የተማረ፣ ጎረምሳ ስለሆነ የሚለካውም እንደ እሱ ያለ ሰው የሚያገኘው መስተንግዶ ብቻ ነው። አገልግሎቱ የሚፈተነው ግን በእሷ ነው። ጣቷን ቀለም አስነክታ የምትፈርመው፣ ልጇ ከዐረብ አገር የላከላትን ብር ለመቀበል አራት ጊዜ የተመላለሰችው እሷ መተግበሪያ የላትም።

ተቃራኒው ወገን ሁለት ነገር ይላል፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛ፣ «ድርጅቱ በገንዘቡ የሠራተኛውን ሥራ ቢቆጣጠር መብቱ ነው» ይላሉ። መብቱ ነው። ግን የሙያው ሰዎች ራሳቸው ለዚህ መብት ወሰን አበጅተውለታል። ዓለም አቀፉ የገበያ ጥናት ማኅበር ኢሶማር በመመሪያው የራስን ድርጅት ሠራተኞች በሚስጥራዊ ደንበኛ የሚያስመዝን ተቋም አስቀድሞ ለሠራተኞቹ ማሳወቅ እንዳለበት ይመክራል። ቀኑንና ሰዓቱን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚደረግና ለምን እንደሚውል። እኛ ዘንድ ሠራተኛዋ የምትሰማው ማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ሲደርሳት ነው። ከዚህ በላይ ሕግም አለ። መጋቢት 2016 የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ ለተለየና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ ካልሆነ በቀር መሰብሰብን ይከለክላል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሠራተኛዋ ስም ከባጇ ላይ፣ ፊቷ በፎቶ፣ ድምጿ በቅጂ፣ የሥራ ሰዓቷ በጂፒኤስ ማኅተም ተሰብስቦ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ የግል መረጃ ካልሆነ ምን የግል መረጃ ሊሆን ነው?

ሁለተኛ፣ «ደንበኛውን ለመጥቀም ነው» ይላሉ። እስቲ ደንበኛው የት ጋ እንደተጠቀመ ይታይ። የብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በስድስት ትልልቅ ባንኮችና የቁጠባ ተቋማት ላይ 231 ሚስጥራዊ ደንበኞችን ልኮ የኢንቨስትመንት ምክራቸውን መረመረ። ከአራት ደንበኞች አንዱ ገደማ ጥሩ ምክር አላገኘም። ይህን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ለሕዝብ ይፋ አደረገ፤ ባንኮቹም እንዲያስተካክሉ፣ የተጎዳ ደንበኛ ካለ እንዲፈትሹ ተገደዱ። መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ስም አልወጣም። ስለ ፈገግታዋም የጠየቀ አልነበረም፤ የተጠየቀው የተሸጠላችሁ ነገር ይጠቅማችኋል ወይ የሚለው ነው። የጎንደሩም ጥናት እንዲሁ፤ ውጤቱ ታትሟል፣ ማንም ሊያነበው ይችላል፣ የተመዘነውም የመድኃኒት ቤቱ አሠራርና የቁጥጥሩ መላላት ነው። እኛ ዘንድ ስለ አዳማ ባንኮች የተሞላ አንድ ሪፖርት አይቶ ባንክ የመረጠ የአዳማ ነዋሪ ካለ ይምጣና ይናገር። ሪፖርቱ የሚሠራው በደንበኛ ስም ነው፣ የሚነበበው ግን በዝግ በር ነው።

ዘዴው ሕዝብን የሚጠቅምበት ቦታ ደግሞ ሞልቷል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍ፣ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ይፈጸማል ወይ ለሚለው የሚመጣው መልስ የዘመቻ ነው፤ አንድ ሰሞን ይወረራል፣ ሱቅ ይታሸጋል፣ ከዚያ ይረሳል። ኅዳር 2017 መርካቶ በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት ስትታመስ፣ ሱቆች ሲዘጉ፣ ወሬው ከእውነቱ ቀድሞ ሲሮጥ የታየው የዘመቻ ውጤት ነው። በየወሩ በጸጥታ የሚገዛ፣ ዋጋ የሚመዘግብ፣ ደረሰኝ የሚጠይቅና ውጤቱን በከተማ በከተማ የሚያወጣ ሥራ ቢኖር ነጋዴውም አይደነግጥም፣ ሸማቹም ያውቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ስልክ በየወጣቱ ኪስ ውስጥ አለ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያለው መንገድ ላይ የዘይትና የጤፍ ዋጋ በየሳምንቱ ቢመዘገብና ቢወጣ፣ ጭማሪው የት ጋ እንደተጀመረ ለመገመት ነጋዴን መስደብ አያስፈልግም ነበር።

ባንኮቹና ሆቴሎቹም ቢሆኑ ነገ ጠዋት ሊያስተካክሉት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ፤ ውድም አይደለም። ቅጹ ላይ «ሲስተም ነበር ወይ? ስንት መስኮት ነበር፣ በስንቱ ሰው ነበር? መብራት ነበር?» የሚሉ ጥያቄዎች ከሰላምታ በፊት ይግቡ፣ ነጥባቸውም ለዋና መሥሪያ ቤቱ ይመዝገብ። ሲስተም ባልነበረበት ቀን የተሞላ ሪፖርት በሠራተኛ ላይ አይቆጠር። አንድ ጉብኝት ብቻውን ለቅጣት አይብቃ፤ አንድ ቀን የከፋው ሰው አይጠፋም፣ ገምጋሚውም ጭምር። የሰው ፊት ፎቶ ከነአካቴው ይቅር፤ ደረሰኝ ለማስረጃ ይበቃል። ሪፖርቱን ከወጡ በኋላ፣ ተቀምጠው፣ ሻይ እየጠጡ ቢሞሉት ምንም አይጎድልም፤ ሰዓቱ እንደሆነ ተራ ቁጥር ወረቀቱና ደረሰኙ ላይ ታትሟል። ተመላልሶ ለደከመው ልጅም ሪፖርቱ ውድቅ ቢሆን ቢያንስ የትራንስፖርቱ ይከፈለው።

«ይህ ሁሉ ሲጨመር ወጪው ይንራል» የሚል አማካሪ ይኖራል። ሲስተሙ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደወደቀ ለማወቅ ግን ሚስጥራዊ ደንበኛ አያስፈልግም፣ ባጃጅም አይከፈልም። ባንኩ በራሱ ሰርቨር ላይ በደቂቃ ተመዝግቦ አለው። አዳማ ቅርንጫፍ በር ላይ በየወሩ አንድ ገጽ ይለጥፍ።